ከከረጢቱ የጠፋችው ቀይ ቁልፍ

የሁለተኛ ክፍል አስተማሪዋ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ለልጆች ዕድልን ያስተማረችው በአንድ የጨርቅ ከረጢት ነው። ከረጢቱን የሰፋላት ልብስ ሰፊው ባሏ ሲሆን ውስጡ ዘጠኝ ነጭና አንድ ቀይ የሸሚዝ ቁልፍ አለበት። ልጆቹ በየተራ እጃቸውን ከትተው አንድ ያወጣሉ፣ መልሰው ይጨምራሉ፤ የወጣው ቀለም ሰሌዳ ላይ በጭረት ይቆጠራል። ሕጉ አንድ ነው፤ ሊወጣ የሚችለውን ሁሉ አስቀድሞ ጮክ ብሎ ያልተናገረ ተራው ያልፈዋል። «ነጭ ሊወጣ ይችላል፤ ቀይም ሊወጣ ይችላል።» በዚህ ቀልድ አታውቅም። አንዴ ለጉብኝት የመጡት ርዕሰ መምህር ዝም ብለው እጃቸውን ቢሰዱ እሳቸውንም መልሳለች።

አንድ ቀን ግን ፍርሃት ይዟት ነበር። ከሳምንት በፊት ሐኪሙ ጡቷ ላይ ካለው እባጭ ናሙና ወስዶ፣ «እንዲህ ያለ እባጭ ካላቸው አሥር ሴቶች ዘጠኙ ደህና ናቸው» ብሏታል። ውጤቱን የምትሰማው በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ በዘጠኝ ሰዓት ነው። ለባሏ የነገረችው ዘጠኙን ብቻ ነው፤ አንዷን ዋጠቻት። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። ጠዋት ከረጢቱን ስታራግፍ ቀዩዋ ቁልፍ መዳፏ ላይ ወደቀች። ስንቱን ልጅ «ቁልፍ ምን ያውቃል፣ ማንንም አይመርጥም» ስትል የኖረች ሴት፣ እንደ ማንም ሟርት ፈሪ ቁልፏን ጋዋኗ ኪስ ውስጥ ሸጎጠቻት። ዛሬን እንኳ ቀይ ሲወጣ ላለማየት ነው። የፈሩት ይደርሳል የሚለውን ተረት መቼም ታውቀዋለች።

ልጆቹ ማውጣት ጀመሩ። ነጭ፣ ነጭ፣ አሁንም ነጭ። ሠላሳ ስምንተኛው ልጅ ነጭ አውጥቶ ሲቀመጥ፣ በየጨዋታው ስለምትሟገት «ዳኛዋ» ያሏት ልጅ ብድግ አለች።

«ቲቸር፣ ቀዩዋ የለችም።»

«ዕድል ነዋ፤ ሳትወጣም ትቀራለች።»

«ትናንት ሦስቴ ወጥታለች፣ ከትናንት ወዲያ አምስቴ። ዛሬ ግን አንዴም አልወጣችም። ሰው ወስዷታል።»

ክፍሉ በሙሉ ዞሮ ከረጢቱን ስታዞር በነበረችው ልጅ ላይ አፈጠጠ። የልጅቷ እንባ መጣ።

አስተማሪዋ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። «ተዉአት፣ እኔ ነኝ» አለች ቁልፏን ከኪሷ አውጥታ። «ፈርቻት ነው የደበቅኋት።»

«ቁልፍ ያስፈራል እንዴ?» አለ አንዱ፤ ሌሎቹ ሳቁ። ዳኛዋ ግን አልሳቀችም።

«ሁሉንም ስላልተናገሩ፣ ቲቸር ተራቸው አለፈ» ብላ ፈረደች።

በዘጠኝ ሰዓት የሆስፒታሉ ኮሪደር አግዳሚ ላይ ከባሏ ጋር ተቀምጣለች።

«አይዞሽ» አላት ባሏ፤ «ከአሥሩ ዘጠኙ ደህና ናቸው ብለሽኝ የለ?»

«ደህና ሊሆን ይችላል» አለችው። «ካንሰርም ሊሆን ይችላል። አንዷን ደብቄህ ነው።»

ባሏ መርፌ የጠቀጠቃቸውን ጣቶቹን ዘርግቶ እጇን ያዘ። «ከአሥር ዘጠኝ ሲቀነስ ስንት እንደሚቀር ጠፍቶኝ መሰለሽ? እኔም ሳምንቱን ሙሉ አልተኛሁም።»

ነርሷ ስሟን ጠራች። ሁለቱም አብረው ተነሡ፤ እጅ ለእጅ እንደተያያዙም ገቡ።