የአባቱን ቤት ሊጎበኝ ነው

ከሳኒቬል ወደ ሳን ሆዜ በምሄድበት አውቶቡስ አጠገቤ የሚቀመጥ ጠጉሩ የሸበተ ህንዳዊ አለ። ድሮ ደሴ ሒሳብ ያስተምር ስለነበር አማርኛው አልጠፋበትም። ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ የአገሩን የወደብ ከተማ የኮቺንን የጎብኚዎች ካርታ ጉልበቱ ላይ ይዘረጋል። ካርታው ላይ የተሳሉትን የዓሣ መረቦችና አሮጌ ቤተ ክርስቲያን አልፎ ጣቱን አንድ ቤት ላይ ያሳርፋል።

«እማማ፣ ይሄ የአባቴ ቤት ነው። እኔ ደሴ ሳለሁ ወንድሜ በሐሰት ፊርማ ወሰደው። አሁን ቲኬት እያስቆረጠ ለፈረንጅ ያስጎበኘዋል።»

ሰኔ ላይ ይሄዳል። ከጎብኚዎቹ ጋር ተሰልፎ ይገባና ወንድሙ «ይህ የአባቴ አልጋ ነው» ሲል፣ በሰው ሁሉ ፊት «ሌባ!» ሊለው ነው። በዚያ ቤት ጫማ ሳያወልቁ መግባት ነውር ነው፤ እሱ ግን ወለሉ ላይ እንዲጮህለት አዲስ ጫማ ገዝቶ ተረከዙን ብረት አስመትቷል። ይህን ሲያወራ ይስቃል።

«ለመሆኑ በሩ ላይ ቲኬት የሚቆርጠው ማነው፣ ልጄ?» አልኩት ትናንት።

ካርታውን አጠፈ። መውረጃው ደርሶ ሲነሳ፣ ፊቱን ሳያዞር መለሰልኝ።

«እናቴ ናት።»