ለሦስተኛ ጊዜ ሲያስነጥሰኝ

ዛሬ ጠዋት የዓመት በርበሬ ልገዛ በርበሬ በረንዳ ገብቼ፣ ገና የመጀመሪያዎቹን ጆንያዎች አልፌ ሳልጨርስ አስነጠሰኝ። ዛላ የምትቀነጥስ አንዲት ሴትዮ “ይማርሽ” አለችኝ፣ “ያኑርሽ” አልኳት፤ ወዲያው ደገመኝ፣ ሠለሰኝ፤ ያን ጊዜ አፌ ሳላዘው “ሳሉድ፣ ዲኔሮ፣ አሞር” አለ። ሴትዮዋ ገልመጥ አድርጋኝ ወደ ዛላዋ ተመለሰች። የመርካቶ ሰው ስንት ዓይነት እብድ አይቷል።

እነዚህን ቃላት ያስተማረን፣ ልጅ ሳለሁ ግቢያችን ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይኖር የነበረው ጋሼ ደምስ ነው። በልጅነቱ ለትምህርት ኩባ ተልኮ ጎልማሳ ሆኖ ሲመለስ ይዞት የመጣው አንድ ሻንጣና አንድ ቋንቋ ነበር፤ ከሻንጣው ለማንም የተረፈ ነገር አልነበረም፣ ቋንቋው ግን ለሰፈሩ ሁሉ ተረፈ። አመሻሽ ላይ ከሥራ ሲመለስ የአባዬ በርበሬ ሱቅ ጎራ ይልና፣ ለሚያስነጥሰው ሰው ሁሉ በመጀመሪያው ጤና፣ በሁለተኛው ገንዘብ፣ በሦስተኛው ፍቅር እያለ በስፓኒሽ ይመርቃል፤ እዚያ አገር ወጉ እንዲህ ነው ይለናል። በርበሬ ሱቅ ውስጥ ደግሞ ሦስት ሳይሞላ የሚያቆም ሰው ስለሌለ፣ ፍቅር ሳይመረቅ ከቤታችን የወጣ ደንበኛ አልነበረም።

እኛን ልጆቹን “ሚ ቢዳ” ይለናል፣ ሕይወቴ ማለት ነው፤ ደስ ሲለው ደግሞ “ሚ ሲዬሎ”፣ ሰማዬ፤ ወይም “ሚ ኮራሶን”፣ ልቤ። እማዬ ይኼን ስትሰማ ገረማት። እኛ የምንወደውን ሰው ሆዴ ነው የምንለው፣ እነሱ ምነው ልብ ላይ ወጡ ብላ ብትጠይቀው “እትዬ፣ የእኛ ሰው ፍቅሩን ሆድ ይፍጀው ብሎ ስለሚተወው ነዋ” አላት። እሷም ሳቀች፣ ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ።

ምክንያቱም አባዬ ዋናው የሆድ ይፍጀው ሰው ነበር። እማዬን በስሟ ሲጠራት ሰምቼ አላውቅም፣ ለእሱ ስሟ “ሰማሽ” ነበር። ከጆንያው ሁሉ ቀይ ቀዩን ዛላ በእጁ ለቅሞ ለእሷ ያስቀራል፣ ዝናብ ሲመጣ ደጅ ያወጣችውን ጫማ ሮጦ ያስገባል፣ አፉ ግን የለም። እማዬ ደግሞ፣ የኩባ ባሎች ለሚስቶቻቸው ጠዋት ማታ “ቴ ኪዬሮ”፣ እወድሻለሁ፣ እንደሚሉ ከሰማች ወዲህ፣ ማየቱ ብቻ አልበቃት አለ፤ በጆሮዋም መስማት ፈለገች።

አንድ እሑድ ከአገር ቤት የመጣ ዘመድ “ባለቤትህስ ደህና ናት?” ብሎ ሲጠይቀው፣ አባዬ ከሳህኑ ቀና ሳይል “አለች” አለ። በቃ፣ አለች። ሱቅ ውስጥ ሚጥሚጣ አለ ወይ ለሚሉት የሚሰጠው መልስም ከዚህ የተለየ አልነበረም። እማዬ ከጓዳ ሆና ሰማችው። እንግዳውን በወጉ አብልታ ሸኘችና፣ ልብሷን በፌስታል ቋጥራ ተክለ ሃይማኖት ወንድሟ ቤት ገባች። ከእኛ ቤት እንኳ ሩቅ አልነበረም፤ ለእኔ ግን ዓለም የፈረሰች መሰለኝ፣ ማታ አባዬ የሠራውን ሽሮ ስቀምስ ደግሞ መፍረሷን አረጋገጥኩ።

አባዬ ሽማግሌ ሰበሰበ። የሰንበቴው ጋሼ ወርቁ፣ ቅመም ነጋዴው ጎረቤታችን ሐጂ ሰይድና የተማረ ነው ተብሎ ጋሼ ደምስ ነበሩ፤ እኔንም አባዬ የእናቷ ሆድ ይራራ ይሆናል ብሎ በእጁ ጎትቶ ወሰደኝ። አጎቴ ቤት ተደርድረን ተቀመጥንና ጋሼ ወርቁ እንደ ወጉ ጠየቁ። መታሽ? አልመታኝም። ቤት አጎደለብሽ? አላጎደለም። ሌላ ሴት ለመደብሽ? እማዬ አባዬን አየት አድርጋ “እሱ?” አለች።

“ታዲያ ምን በደለሽ?”

“አንድ ቀን እንኳ እወድሻለሁ ብሎኝ አያውቅም።”

ሐጂ ሰይድ ጢማቸውን እየዳበሱ “ኧረ ይኼ ክስ ይቅርብን! ይኼ ከተጀመረማ መርካቶ ውስጥ የሚተርፍ ባል የለም” አሉ። ጋሼ ወርቁ ግን ነገሩን ለመቋጨት “እንግዲህ በላት” ብለው ወደ አባዬ ዞሩ። አባዬ አፉን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው፤ ላቡ በግንባሩ ወረደ። ካላላት እናቴን ትቼ ወደ ቤት እንደምመለስ አውቄያለሁና፣ እጁን ይዤ በሆዴ በል፣ በል እለው ነበር። አባዬ ጋሼ ደምስን አየው፣ ከዚያ ተነሣ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣

“ቴ ኪዬሮ፣ ሚ ቢዳ” አለ።

ለካ ያን ሁሉ ምሽት ሚዛኑን የሚያይ መስሎ ሲያዳምጥ ኖሯል። ሐጂ ሰይድ የአባዬ ቃል ግዕዝ መሰላቸው፣ ጋሼ ወርቁ ዐረብኛ መሰላቸው፤ እናም ሁለቱም አንገታቸውን ደፍተው በአክብሮት “አሜን” አሉ። እማዬ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ የምታለቅስ መስሎኝ ተጠጋኋት፤ በሳቅ እየሞተች ነበር። ከዚያ ተነሥታ ፌስታሏን አንጠለጠለች።

ከዚያ ቀን ወዲህ አባዬ ጠዋት ጠዋት ወደ ሱቅ ሲወጣ፣ በሩን ዝጊ በሚልበት ድምፅ “ቴ ኪዬሮ” ይላት ነበር። በአማርኛ ግን እስኪሞት ድረስ አልወጣውም። ዛሬ ሱቃችን ፈርሶ ፎቅ ተሠርቶበታል፣ ጋሼ ደምስም አርፏል። ልጆቼ ስልክ በዘጉ ቁጥር እወድሻለሁ ይሉኛል፤ እሰየው፣ ደስ ይለኛል፣ ግን ለማለት ሲያልበው ያየሁት ሰው አባዬን ብቻ ነው። ያን ላብ በማየቴ ዕድለኛ ነኝ፣ ጋሼ ደምስንም ፈጣሪ ነፍሱን ይማርልኝ።

በርበሬዬን አስመዝኜ ስወጣ፣ ሐጂ ሰይድ በእርጅናቸው ከልጃቸው ሱቅ ደጃፍ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ጉልበታቸውን ስሜ ስነሣ ለረጅም ጊዜ አዩኝና፣ የአባዬን ሞት አስታውሰው መሰለኝ፣ ፈራ ተባ እያሉ “እናትሽስ?” አሉኝ።

“አለች” አልኳቸው።

ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ቆም አልኩ። አባዬን “አለ” ማለት ከቀረን ስንት ዘመን ሆነን። ያን እሑድ ከሳህኑ ቀና ሳይል ምን ማለቱ እንደነበር አሁን ገባኝ፤ ቤት ስደርስ ለእማዬ እነግራታለሁ።

“አልሐምዱሊላህ” አሉ ሐጂ ሰይድ።

“አሜን” አልኳቸው።