ድልድዩን የተናገረች አፍ

እትዬ ተሾመች ከማለዳ ጀምሮ መቀመጥ አልቻሉም። ሰው ለአዲሱ ተመራጭ ወንበር ሲደረድር እሳቸው ወንዙ ዳር ይደርሳሉ፣ ይመለሳሉ። ወንዙ መደፍረስ ጀምሯል። ልጃቸው ፍሬ ማዶ ናት፤ መውለጃዋ ደርሷል። ጤና ጣቢያው ደግሞ ከወዲህ ነው፣ ቢታ ገነት።

ትናንት በስልክ ወደዚህ ተሻገሪ ቢሏት፣ «ከፈለኝ ምን አስቸኮለሽ፣ ድልድዩ ሊሠራ ነው ይላል። ደግሞስ አንቺው አይደለሽ የነገርሽን?» አለቻቸው ባሏን ከፈለኝን ጠቅሳ።

እውነቷን ነው። የምርጫ ክልሉ የሚልካቸው ተመራጮች ከተማ ያደጉ ናቸው፤ የአገሩ ቋንቋ ካፊኖኖ አይሆንላቸውም። የሚያስተረጉሙት እትዬ ተሾመች ናቸው። የመጀመሪያው በበቅሎ መጣ፣ ሁለተኛው በመኪና፣ ሦስተኛው ካሜራ አስከትሎ። ሁሉም «ድልድዩ ይሠራል» ብለው ሄዱ። እሳቸው ግን የት ይሂዱ? ለቀበሌው ሰው ቃል ያደረሰ የቃሉ ዋስ ነው። ጋሽ ወልደሥላሴማ ገበያ ባገኟቸው ቁጥር፣ «ተሾመች፣ በቅሎዬ ድልድይሽን ናፈቀች» ይሏቸዋል።

አዲሱ ተመራጭ አቶ ኤርምያስ ተነሡና፣ «ድልድዩ በቅርቡ ይሠራል!» አሉ። ከዚያ ወደ እትዬ ተሾመች ዞሩ።

እሳቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እትዬ፣ ያስተርጉሙልን እንጂ።»

«ይቺን እንኳ በራስዎ አፍ ይበሏት። እኔ አስጠናዎታለሁ።»

ቀስ ብለው ነገሯቸው። ሰውዬው እየተንተባተቡ ደገሙት፤ ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። ጋሽ ወልደሥላሴ ግን ሳይስቁ ተነሥተው በካፊኖኖ ጠየቁ።

«ምን አሉ?» አሉ አቶ ኤርምያስ።

«እንግዲህ ዋሱ እርስዎ ነዎት። መቼ ነው? እያሉ ነው።»

አቶ ኤርምያስ ግንባራቸውን ጠረጉ። «እውነቱን ለመናገር... በጀቱ አልጸደቀም። ዘንድሮ የሚሆን አይመስለኝም።»

«እሱን አስተረጉማለሁ» አሉ እትዬ ተሾመች፤ ማዶ የሚሰማ እስኪመስል ጮኸው ተናገሩት። ሕዝቡ ሲንጫጫ እሳቸው ስልካቸውን አወጡ። «ፍሬ፣ ድልድይ የለም! ለባልሽ ተመራጩ ራሱ አለ በይው። ውሃው ሳይሞላ ዛሬውኑ ውጪ!»

ስብሰባው ሳያልቅ ጋሽ ወልደሥላሴ በቅሏቸውን ይዘው ወንዝ ወረዱ። «ይኸው፣ ያለ ድልድይሽ ልትሻገር ነው!» አሉ።

እትዬ ተሾመች እስከ ወንዙ ዳር ተከተሏቸው። ዓይናቸው ውሃው ላይ ነበር። ጋሽ ወልደሥላሴ ማዶ ተሻግረው ፍሬን በቅሎዋ ላይ አስቀምጠው ሲመለሱ ውሃው የበቅሎዋን ሆድ ነካ፤ ከፈለኝ ፍሬን በሁለት እጁ ደግፏታል። ወዲህ ወጥታ እግሯ መሬት ሲነካ፣ እትዬ ተሾመች እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ አሉ።