በበረዶ ላይ የተፎከረ ፉከራ

ቁም ሣጥኔን በከፈትኩ ቁጥር ከልብሶቼ ሁሉ ቀድሞ የሚታየኝ አንድ አሮጌ ካፖርት ነው። ድሮ አረንጓዴ ሳይሆን አይቀርም፤ አሁን የደረቀ ሣር መስሏል። ባለቤቴ ስንት ጊዜ «ይህን ቡትቶ አትጥይውም?» ብሎኛል። አልጥለውም። አፍንጫዬን ኮሌታው ውስጥ ስቀብር የገብስ ገለባ፣ የበግ ጠጉርና የጥዋት ውርጭ ይሸተኛል። ውርጭ አይሸትም የሚለኝ ሰው መንዝ አላደገም ማለት ነው።

ካፖርቱ የእናቴ አባት፣ የአባባ ጥላዬ ነበር። አባባ በጃንሆይ ጊዜ ባሕር ተሻግረው ኮሪያ ከዘመቱት አንዱ ናቸው። ልጅ እያለሁ፣ ደርግ ወድቆ አዲሱ መንግሥት በገባ በጥቂት ዓመቱ፣ ከዘመሮ ትንሽ ወጣ ብላ ባለችው መንደራችን «ኮሪያ ዘማች» መባል ትልቅ ነገር ነበር። አባባ ሲያልፉ ሰው ከተቀመጠበት ይነሣል። ስለ ጦርነቱ ሲጠየቁ ፈገግ ብለው ዝም ይላሉ፤ በዚህ ምክንያት ክብራቸው ጭራሽ ጨመረ። እኛ አገር እንዲህ ነው። ዘማች ዝም ካለ ብዙ ገድሏል ማለት ነው። «ጀግና መች ይናገራል!» እያለ ሰው ራሱን ይነቀንቃል።

እውነቱን ግን የቤት ሰዎች እናውቀው ነበር። አባባ ኮሪያ ድረስ የተወሰዱት ወታደሩን እንዲያስቁ ነው። ቀልደኛ ነበሩ። አንድ ጥይት አልተኮሱም።

ይህን የነገሩኝ እሳቸው ራሳቸው ናቸው፤ መንገር ብቻም ሳይሆን አሳይተውኛል። ጥዋት ውርጩ ሣሩን ነጭ አድርጎት ሲያድር ካፖርታቸውን ይደርቡና ከጎተራው ጀርባ ይወስዱኛል። ግራ ቀኝ ያያሉ፤ የሚፈሩት ጠላት አይደለም፣ እማዬን ነው። ከዚያ ደረታቸውን ነፍተው «ዘራፍ! ውርጭ ያሳደገኝ የመንዝ ልጅ! በረዶ ምኔ ነው!» ብለው ገና አንድ እግራቸውን ሲያነሡ፣ ሸርተት፣ ዘጭ! ይነሡና ካፖርታቸውን አራግፈው፣ መሬቱን በሌባ ጣታቸው እያስፈራሩ «አንተ መሬት፣ ቁም ብዬሃለሁ!» ይሉታል። እንደገና ይፎክራሉ፣ እንደገና ዘጭ። በመጨረሻ መነሣት ሲያቅታቸው በጀርባቸው እንደተንጋለሉ፣ እግራቸው ወደ ሰማይ ተሰቅሎ፣ የካፖርቱ እጅጌ ከጣታቸው አልፎ እየተወዛወዘ፣ ያችኑ «ዘራፍ!» ይደግሟታል። በዚያ ዕድሜያቸው ስንት ጊዜ ወድቀው አንድም ቀን ሲያነክሱ አላየሁም፤ አወዳደቁንም ተምረውታል። እኔ ሆዴን ይዤ ሣሩ ላይ እንከባለላለሁ። «ብዙዎቹ ወታደሮች በረዶ አይተው የማያውቁ ልጆች ነበሩ፣ ገና የመጀመሪያው ቀን እርስ በርስ ተያይዘው ሲወድቁ አይቼ ነው ይህን ያወጣሁት» ይሉኝ ነበር።

እማዬ የዚህን ነገር ወሬ መስማት አትፈልግም። ክፉ ሆና አይደለም። ያኔ ሰው ያሳቀ ሁሉ በአንድ ስም ነበር የሚጠራው፤ አዝማሪ። በሠርግ ቀን ይጨበጨብለታል፣ ልጅህን ለልጄ ሲባል ግን ዘር ይቆጠራል። ታላቅ እህቴን ጥሩወርቅን ባላምባራስ ተሰማ የሚባሉ የራቤል ትልቅ ሰው ለልጃቸው ጠየቁ፤ ልጁንም እህቴ ወዳዋለች፣ ውሃ ልትቀዳ ስትሄድ እንኳ ታንጎራጉር ነበር። ሽማግሌው ተቀምጦ ዘር ሲጣራ ባላምባራስ እንደ ዘበት ወደ እማዬ ዞሩና «አባትሽ ኮሪያ ሥራቸው ምን ነበር?» አሏት። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። «መትረየስ ተኳሽ!» አለች።

አባባ እዚያው ተቀምጠዋል። አላስተባበሉም። ሳል ቢጤ አሉና ጠላቸውን ጎንጨት አደረጉ። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ከጎተራው ጀርባ መሄድ ቀረ። ካፖርቱም እማዬ ሣጥን ውስጥ ገባ። አንድ ውርጭ ያደረበት ጥዋት እጃቸውን ይዤ ብጎትታቸው «ተይው ብዙዬ፣ መትረየስ ተኳሽ አይወድቅም» ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ግን ዓይናቸው ጋ አልደረሰም።

አባባ የሞቱት በዚያው ዓመት፣ የገብሱ አጨዳ ሳያልቅ ነው። ቀብራቸው በደብራችን ተፈጸመ፤ ሩቅ ያለው ዘመድ መርዶውን እስኪሰማ ትልቁ ለቅሶ ለሚቀጥለው ሳምንት ተቀጠረ። በእኛ አገር የዘማች ለቅሶ ላይ የሟቹ መሣሪያና ልብስ ሜዳ ይወጣል። ዘመድ ተሸክሞት ይዞራል፣ አልቃሿ ግዳዩን እየጠራች ታወርዳለች፣ ወንዶቹ ይፎክራሉ። አባባ ግን እንኳን ጠመንጃ ረጅም ዱላም አልነበራቸውም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ አጎቴ ሽፈራው «የመትረየስ ተኳሽ ለቅሶ ያለ መሣሪያ? ባላምባራስ ምን ይሉናል?» አለና ከአንድ የቀበሌ ታጣቂ ጠመንጃ ተውሶ መጣ። እማዬ ጠመንጃውን ስታይ ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች። ይሁን እንጂ ተው አላለችም። ያች ያመለጠቻት አንዲት ቃል ይኸውና እግር አውጥታ ቤታችን ገባች።

በቀጠሮው ቀን የበግ ጠጉር ባና የደረበ ሰው ሜዳውን ሞላው። ባላምባራስ ተሰማ ጭራቸውን ይዘው ከፊት ተቀምጠዋል። ጥሩወርቅ ከእማዬ ጎን ቆማ ነጠላዋን ነክሳለች። አጎቴ ጠመንጃውን ከፍ አድርጎ ሜዳውን ይዞራል፤ አልቃሿም ድምፅዋን ለቀቀችው፦

«አያ ጥላዬማ ባሕሩን ተሻግሮ፣
ስንቱን ጥሎ መጣ ገድሎ ደርድሮ።»

ምስኪን አባባ። ዶሮ እንኳ ሲታረድ ፊታቸውን ያዞሩ ነበር። በየዙሩ ጠመንጃው አጠገቤ ሲያልፍ አንገቴን እሰብራለሁ፤ የሆነ ሰው ተነሥቶ «ውሸት ነው!» የሚል ይመስለኝ ነበር።

ሰው ተነሣ አልልም፤ መጣ እንጂ። በቁልቁለቱ በኩል በቅሎ የሚስቡ ሽማግሌ ብቅ አሉ። እያነከሱ ነው የሚራመዱት። አንዱ ሮጦ ጠይቋቸው ተመለሰና «ከመርሐቤቴ ነው የመጡት! አያ ደምሴ ይባላሉ፣ ከአያ ጥላዬ ጋር ኮሪያ የዘመቱ ናቸው! መርዶውን ዓለም ከተማ ገበያ ሰምተው ነው!» አለ። ሜዳው በሙሉ ተንሾካሾከ። ለሌላው ሰው የምሥራች ነበር፤ የጀግናው ምስክር መጥቶለታል። እኛ ግን ደርቀን ቀረን። የእማዬ ፊት አመድ መሰለ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚሉት እንዲህ ሰው ፊት ይሁን ብለው አልነበረም።

ሕዝቡ መንገድ ከፈተላቸው። አያ ደምሴ ከመካከል ቆመው «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያሉ ደረታቸውን መትተው አለቀሱ። ከዚያ እንባቸውን ጠርገው ቀና ሲሉ ዓይናቸው ጠመንጃው ላይ አረፈ።

«ይህ የማን ነው?» አሉ።

አጎቴ ጠመንጃውን ወደ ደረቱ አስጠጋ። «የአባቴ ነው።»

«የጥላዬ?»

«አዎ።»

ሽማግሌው አልተቆጡም። ጠመንጃውን ቀስ ብለው ከእጁ ወሰዱና አንድ ድንጋይ ላይ አስደግፈው ተዉት። የባላምባራስ ጭራ አየር ላይ ቆመ። አያ ደምሴ ወደ እማዬ ተጠጉ።

«ልጁ አንቺ ነሽ አይደል? ዓይንሽ የሱ ነው። ካፖርቱ የት አለ?»

እማዬ ጥሩወርቅን አየች። ባላምባራስን አየች። አይጥ በላው፣ ለነዳይ ሰጠነው ማለት ትችል ነበር፤ ማን ያውቅባታል? አጎቴ በዓይኑ ይለምናታል። እማዬ ወደ እኔ ዞራ «ብዙዬ፣ ሂጂ ከሣጥኔ አምጪላቸው» አለች።

እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም። ካፖርቱን ስሰጣቸው አያ ደምሴ ኮሌታውን ስመው ለበሱት። ሰፋቸው፤ እጅጌው ጣታቸውን ዋጠው። ደረታቸውን ነፉ።

«ዘራፍ!» አሉ። «ውርጭ ያሳደገኝ የመንዝ ልጅ! በረዶ ምኔ ነው!»

ወንዶቹ ጉሮሯቸውን አዘጋጅተው «በለው!» ሊሉ ሲሉ ሽማግሌው ዘጭ አሉ። ሜዳው «እግዚኦ!» አለ። የሚያነሷቸው ሰዎች ተንደረደሩ። «ተዉኝ! አልጨረስኩም!» ብለው መለሷቸው። ተነሡ፣ አራገፉ፣ መሬቱን በጣታቸው አስፈራሩ። «አንተ መሬት፣ ቁም ብዬሃለሁ!» ከሴቶቹ በኩል አንዷ ሳቅ አመለጣትና ወዲያው በነጠላዋ አፏን አፈነች። ለቅሶ ላይ መሳቅ! ሰው እርስ በርሱ ተያየ፤ የሚስቅም የሚያለቅስም ጠፋ። ሽማግሌው እንደገና ወደቁ። በጀርባቸው ተንጋለው፣ የተቀደዱ ጫማዎቻቸው ወደ ሰማይ እያዩ፣ እጅጌውን እያወዛወዙ «ዘራፍ!» አሉ።

ከጎኔ አንድ ድምፅ ወጣ። እማዬ ነች። ሳቅ ይሁን ለቅሶ መለየት አልቻልኩም፤ ሁለቱም አንድ ላይ ገንፍለው ወጡ። «አባዬ! አባዬን!» እያለች ትስቃለች፣ እንባዋ ይወርዳል።

ያኔ ባላምባራስ ተሰማ ተነሡ። «ታዲያ አያ ጥላዬ መትረየስ ተኳሽ አልነበሩም?» አሉ፣ ሽማግሌውን ከላይ ቁልቁል እያዩ።

«አልነበረም» አሉ አያ ደምሴ፣ ተቀምጠው ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ። «መትረየስ ተኳሹ እኔ ነበርኩ። የእግሬን ጣቶች ውርጭ በልቷቸው፣ ጓደኞቼ አልቀውብኝ፣ አልበላም አልናገርም ብዬ ፊቴን ወደ ድንኳኑ አዙሬ ተኛሁ። ሞቴን ነበር የምጠብቅ። ይህ ሰውዬ ደጃፌ ላይ፣ በረዶው ላይ ሲወድቅ ዋለ። ሌላ ተመልካች አልነበረውም፤ ለእኔ ብቻ ነው። ሲመሽ ሳቅኩ። ሾርባውንም ጠጣሁ። ይኸው አለሁ። ለቅሶው ላይ ጠመንጃ ይዛችሁ ስትዞሩ የሌላ ሰው ለቅሶ የመጣሁ መሰለኝ።»

ባላምባራስ ወደ እማዬ ዞሩ። «ለምን ደበቅሽን?»

«ፈርቼ።»

«ማንን?»

«እርስዎን» አለች እማዬ፣ ዓይናቸውን እያየች።

እሳቸው ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ተቆጥተዋል ብዬ የጥሩወርቅን ቀሚስ ጨመደድኩ። ጋቢው ሲወርድ ግን ጺማቸው በእንባ ርሷል፣ ጥርሳቸውም ተገልጧል። «አያ ደምሴ» አሉ፣ «ሰውነትዎ ከቻለልዎ፣ ያችን መሬቱን የተቆጡባትን አንዴ ይድገሙልን።»

ደገሙልን። ያን ጊዜ ሜዳው ሳቀ፤ ከሳቀ በኋላ ደግሞ ከጥዋቱ የበለጠ አለቀሰ፣ አሁን የሞተውን ሰው አውቆታልና። ጥሩወርቅ ሙት ዓመቱ ካለፈ በኋላ ራቤል ተዳረች። አባባ ያን ቀን ባዩ ኖሮ እያልኩ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ዛሬ ሳቅ በሽ ነው። ልጄ ስልኳን ከፍታ ብቻዋን ትንከተከታለች፣ ቀልደኛ የሚጋበዘው በክብር ወንበር ነው፣ ዘሩን የሚቆጥርበትም የለም። ደስ ይለኛል። ግን አንድ ሰው እስኪስቅ ድረስ ቀኑን ሙሉ በረዶ ላይ የሚወድቅ ስንት አለ?

ካፖርቱን የሰጠችኝ እማዬ ናት። አሁን አርጅታለች፤ በበልግ አንድ ጊዜ፣ በኅዳር አንድ ጊዜ እየሄድኩ እጠይቃታለሁ። ባለፈው ኅዳር ቤት ውስጥ ሳለሁ ከደጅ ዘጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሮጬ ስወጣ ውርጩ ላይ በጀርባዋ ተንጋላለች። በዚህ ዕድሜ ወገብ ከተሰበረ አለቀ።

«እማዬ!» አልኳት። ሰማዩን ታያለች። አጠገቧ ተንበርክኬ ልነካት ስል የጋቢዋን ጫፍ ከጣቷ በላይ ሳብ አደረገችና አወዛወዘችው።

«ዘራፍ!» አለች።