ብላ ማለት የተከለከለበት ቤት

አባዬ የከሳው የሚበላ አጥቶ አይደለም። ያን ጊዜ ቤታችን ውስጥ የነበረው ምግብ ሰርግ ይደግስ ነበር። የከሳው አፉን የሚያይ ሰው በዝቶበት ነው። ይሄ እስኪገባኝ ድረስ ስንቱን ሰው ሰድቤያለሁ። ከገባኝ በኋላ ደግሞ ያልሰደብኩትን ጨመርኩ።

አባዬ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ከአርሲ ነገሌና ከሻሸመኔ እህል ጭኖ ወደምንኖርበት ናዝሬት ይመላለሳል። ሆዴን ሆዴን ማለት ከጀመረ ቆይቷል፣ ግን ሾፌር ሁሉ ሆዴን ይላል። ሱሪው ከወገቡ ሲወርድ ነው እማዬ ያለቀሰችው። እኔ ነኝ ይዤው አዲስ አበባ የሄድኩት፤ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ለማውጣት ከሊቀመንበሩ ጋር ልንደባደብ ምንም አልቀረን።

ሐኪሙ መርምሮ ሲጨርስ አባዬን «ልብስዎን ይልበሱ» አለውና እኔን ኮሪደር ላይ ጠራኝ። ወጣት ነው፣ ከኔ ብዙም አይበልጥም።

«ተምረሃል?»

«እስከ አሥረኛ» አልኩት። እንዴት እንደተውኩት አልጠየቀኝም፣ እኔም አልነገርኩትም።

«በግልጽ ልንገርህ። ካንሰር ነው። ሆዱ ውስጥ ያለው እጢ ተቆርጦ መውጣት አለበት። ወደ ሌላ ቦታ የሄደ አይመስለኝም። ግን በዚህ አቅሙ ብቀደው ከጠረጴዛው አይነሳም። ትንሽ ሥጋ ይልበስ። ክረምቱ ሳይገባ መልሰህ አምጣው፣ ጠንክሮ ካገኘሁት እሠራዋለሁ።»

«ካልጠነከረስ?»

እስክሪብቶውን ደረት ኪሱ ውስጥ ሰካ። «አብሉት» አለኝና ሄደ።

አውቶቡስ ውስጥ አባዬ መስኮት መስኮቱን እያየ ቆየና ሞጆ ልንደርስ ስንል፣ «ምን አለህ?» አለኝ።

«ጨጓራ ነው አለ። ብላ አለ።»

«ይሄን ለመስማት ነው አዲስ አበባ ድረስ የመጣነው? እናትህ በየቀኑ ትለኝ የለ?»

እውነቱን ለእማዬና ለእቴቴ ብቻ ነገርኩ። እቴቴ የአባዬ ታላቅ እህት ናቸው። አርሲ ነገሌ እህል ይነግዳሉ፤ የገበያ ወዛደር ሁሉ እሳቸውን ሲያይ ጆንያውን ቀጥ አድርጎ ነው የሚሸከመው። ወንድማቸው መታመሙን በሰሙ ጊዜ ቅቤ፣ ማርና ገብስ ይዘው በእህል መኪና መጡ። ካንሰር የምትለዋን ቃል ሲሰሙ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ፤ ከዚያ ጣታቸውን ቀሰሩብኝ።

«ለሱ እንዳትነግረው! ከነገርከው ዛሬውኑ ይሞታል። ለበሽተኛ እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም።»

«ታዲያ ምን ልበለው?»

«ብላ በለው!»

ሥራ ተጀመረ። አልጋው ከጓዳ ወጥቶ ሳሎን ተዘረጋ። ለአባዬ የራሱ ሳህን ተገዛለት፤ ነጭ፣ ጠርዙ ላይ አበባ ያለበት። በጥልፍ ጨርቅ ተሸፍኖ ይመጣል፤ ገንፎ በቅቤ፣ አጥሚት፣ የዶሮ ሾርባ፣ በርበሬ ያልነካው አልጫ። እኛ የምንበላው ማድ ቤት ውስጥ ተደብቀን ነበር፣ የወጣችን ሽታ እንዳያስጎመጀው። ፋሲካ ገና ማለፉ ስለነበረ ጾም እንኳን ሰበብ ሊሆነው አልቻለም።

ከዚያ ጠያቂ አለ። የእድር ሰው፣ የጎረቤት ሰው፣ ሾፌሮች። ገብተው «እግዜር ይማርህ» ይሉና አግዳሚው ላይ ይደረደራሉ። ሳህኑ ሲመጣ ወሬው ቀጥ ይላል። ሁሉም ዓይን እጁ ላይ ነው፣ ከዚያ አፉ ላይ፣ ከዚያ ጉሮሮው ላይ።

«ኧረ በሞቴ፣ ይቺን ብቻ!»

«እኔ ልሙት፣ ከኔ እጅ አንድ ጉርሻ!»

«ከሷ በልተህ ከኔ እምቢ ልትለኝ?»

ጉርሻ እምቢ አይባልም፤ እሱ ደግሞ ሰው ማሳፈር አይችልም። ይውጣል። አንድ ቀን ጠያቂዎቹ ሲወጡ ከጓሮ ድምፅ ሰምቼ ብሄድ ቆርቆሮ አጥሩን ይዞ የበላውን ሁሉ ይመልሳል። አፉን በመዳፉ ጠረገና፣ «ለእህቴ እንዳትነግራት። ታዝናለች» አለኝ።

በማን እንደምናደድ አላውቅም ነበር። በእሱ ተናደድኩ። «አባዬ፣ ብላ እንጂ! ሕጻን ነህ እንዴ?» አልኩት በሚቀጥለው ቀን፣ ሰው ሁሉ ፊት። ወደ ግድግዳው ዞረ። ያን ቀን ውሃም አልቀመሰ።

እኔ የምሠራው ከአውቶቡስ ተራው ጀርባ ያለ ጋራዥ ውስጥ ነበር። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ቀና ብል አባዬ ኮቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ በሩ ላይ ቆሟል።

«ምነው? ምን ሆንክ?»

«ቤት ሰው መጣ» አለ፣ ፖሊስ መጣ እንደሚል ሰው።

ትሪያችንን የመኪና ጎማ ቸርኬ ላይ አስቀምጠን ዙሪያውን ከበናል። ያን ሰሞን በርበሬ እሳት ሆኖ ተወድዶ ስለነበር ምግብ የምታቀርብልን ሴትዮ ድንች አልጫ ነበር ያመጣችልን። ሠራተኛው ሁሉ ይራገማል። «ይሄ ምግብ ነው ወይስ የቀበሌ ስብሰባ?» ይላል አንዱ። የጋራዡ ባለቤት የአርሲ ሰው ነው፣ አባዬን ከድሮ ጀምሮ በመንገድ ያውቀዋል። «ታኢ!» አለው፣ ተቀመጥ ማለቱ ነው፤ ትንሽ ጠጋ አለለት። ሌላ ምንም አላለም። የእጅ ውሃ አቀበሉት።

«ያ መኪና ምን ሆኖ ነው እንደዚያ የሚያስለው?» አለ አባዬ።

«የነዳጅ ፖምፓው ነው» አለ ባለቤቱ።

«የምን ፖምፓ! ቫልቩ ነው» አለ አባዬ፣ አፉ ሞልቶ።

አፉ ሞልቶ! እጁ ወደ ትሪው ይሄዳል፣ ይመለሳል። ቤት ውስጥ ነጭ ሳህን ላይ ሲቀርብለት ዓይኑን የሚጨፍንለት አልጫ ነው ይሄ፤ ያው ድንች፣ ያው እርድ። ቀና ብሎ የሚያየው ሰው የለም፤ ሁሉም ስለ ቫልቩ ይጨቃጨቃል። «ጎሽ አባዬ!» ልል አፌን ከፍቼ ነበር። መልሼ ዘጋሁት። በሕይወቴ አፌን በሰዓቱ የዘጋሁት ያን ቀን ብቻ ይመስለኛል።

ማታ እቴቴ ነጩን ሳህን ይዘው ከማድ ቤት ሲወጡ እኔ ትልቁን ትሪ ተሸክሜ በር ላይ ተገናኘን።

«ወዴት ነው?»

«ሳሎን። ከዛሬ ጀምሮ ሁላችንም አልጫ ነው የምንበላው። ከአንድ ትሪ፣ ከአባዬ ጋር።»

«ጤነኛ ሰው የበሽተኛ ምግብ ይብላ?»

«በርበሬ ያማረው ውጭ በልቶ ይምጣ።»

«አንተ ባለጌ! ማንን ነው የምታዘው?»

«ምግቡን ነው እቴቴ። እርስዎን ማን ደፍሮ ያዛል!»

እማዬ ከኋላ ሳቋን ዋጠች። ያ አበረታኝ መሰለኝ። «ደግሞ ብላ የሚባል ነገር የለም። ብላ ያለ ሰው ከቤት ይወጣል። ጉርሻም የለም» አልኩ።

አልጫውን ሊችሉት ይችሉ ነበር። ጉርሻው ግን ገደላቸው። «ወንድሜን ሳላጎርስ ከሱ ጋር ልበላ? ምነው፣ ፈረንጅ ነኝ እንዴ?»

«ስንት ጊዜ አጎረሱት እቴቴ? የት ነው ያለው ታዲያ? ሰውነቱ ላይ ያያሉ?» አልኳቸው። የጓሮውንም ነገርኳቸው። አደራ ብሎኝ ነበር፤ ግን ነገርኳቸው። ሳህኑን መልሰው አስቀመጡት።

የመጀመሪያው ቀን ለቅሶ ቤት ነበር የሚመስለው። ማንም አያወራም፤ እቴቴ ቀኝ እጃቸው ወደ አባዬ አፍ እንዳይሄድ ቂጣቸው ስር ሊያስቀምጡት ምንም አልቀራቸው። አባዬ ትንሽ ነካ አደረገ። በማግስቱ ስለ ነገሌ የስንዴ ነጋዴዎች አንድ ነገር ጠየቃቸው፤ እሳቸው እየተሳደቡ ሲመልሱ እሱ እየሳቀ በላ። ጠያቂ ሲመጣም ከትሪው ይቀመጣል። የማይፈልግ ሰላምታውን ሰጥቶ ይሄዳል። ሾፌሮቹ ወዲያው ገባቸው፤ ከዝዋይ ሲመለሱ ዓሣ ይዘው ይመጣሉ፣ በሎሚ ተሠርቶ አብረው ይበላሉ፣ ስለ መንገድ ያወራሉ።

አንድ ቀን የቀበሌው ካድሬ መጣ። ተቀመጠ፣ እጁን ታጠበና፣ «ጓድ፣ ምነው አይበሉም? ይብሉ እንጂ!» አለ።

«ጓድ» አልኩት፣ «በዚህ ቤት ብላ ያለ ሰው አብዮታዊ እርምጃ ይወሰድበታል።»

እማዬ ፊቷ ነጣ። አብዮታዊ እርምጃ ያን ጊዜ የሚቀለድበት ነገር አልነበረም፤ ሰፈራችን ውስጥ የተወሰደበት ሰው ነበር። አባዬ ነው መጀመሪያ የሳቀው፣ እስኪያስለው ድረስ። ካድሬው እሱን አይቶ ሳቀ። ሰውዬው ሲወጣ እማዬ ጆሮዬን ያዘች፣ «ይሄ ምላስህ ያስገድልሃል!» አለችኝ። አባዬ እስካሁን ድረስ ይሄን እያነሳ ይስቃል።

ሁሉም ቀን ግን እንዲህ አልነበረም። ውሃ እንኳን የማይቀበልበት ቀን ነበር። ያን ቀን እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ትሪው አጠገብ ይቀመጣል፣ እኛ እንበላለን። ዝም ብሎ መብላት እንደዚያ ይከብዳል ብዬ አስቤ አላውቅም። እቴቴ እያንዳንዷን ጉርሻ እንደ ኪኒን ነበር የሚውጧት። ግን አላሉም። ብላ አላሉም።

አባዬ ሞኝ አይደለም። አንድ ጠዋት ጓሮ ፀሐይ ላይ መስታወት አስደግፎ ጺሙን ሲላጭ ጠራኝ።

«አንተ በርበሬ ካላቃጠለህ የማትጠግበው ሰውዬ፣ ይሄን ሁሉ ጊዜ አልጫ የምትበላው ምን አግኝቶህ ነው?»

«ጨጓራዬን—»

«አትዋሽ። ሐኪሙ ምን አለ?»

ወደ ማድ ቤቱ አየሁ። የእቴቴ ድምፅ ይሰማል። ከዚያ ነገርኩት። ካንሰሩን፣ እጢውን፣ ጠንክሮ ካልተገኘ እንደማይቀደድ፣ ሁሉንም። ዛሬውኑ ይሞታል የተባለው ሰው ከዚያ የቀረውን ግማሽ ጉንጩን ተላጭቶ ጨረሰ።

«ክረምቱ ሳይገባ ነው ያለው?»

«አዎ።»

«እና ይሄን ሁሉ ጊዜ እኔን ጭናችሁ ስትነዱኝ ከረማችሁ? ሾፌሩን ከኋላ ከጆንያው ጋር አስቀምጣችሁ?» ፊቱን በፎጣ ጠረገ። «መሪውን ለኔ ስጡኝ። ስጠይቅ ስጡኝ። ስጠላው አንሱት፣ ለምን አትበሉኝ። ጥቂት ጥቂት እበላለሁ፣ ቶሎ ቶሎ እበላለሁ። እናትህን ጥራት። እህቴንም ጥራት።»

እቴቴ ሲሰሙ ሊመቱኝ ተነሱ። አባዬ እጃቸውን ያዘ።

«እህቴ፣ ተይው። አንድ ነገር ልለምንሽ። ቅቤሽ ይቅርብኝ። ሽታው ያጥወለውለኛል፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ።»

«ቅቤዬን?» አሉ እቴቴ። ካንሰርን ሲሰሙ ያላለቀሱትን ያን ጊዜ አለቀሱ። ለወንድማቸው ብለው ከነገሌ ጭነው ያመጡት ቅቤ! ምሽቱን ግን እማዬን ቁጭ አድርገው ፀጉሯን ቀቧት፣ የጎረቤት ሴቶችንም ጠርተው ቀቡ። ሰፈሩ በሙሉ ወዛ።

ከዚያ ወዲያ አባዬ በራሱ ትእዛዝ ነበር የሚበላው። ዓሣ ይላል፣ ዓሣ ይመጣል። ሁለት ጉርሻ በልቶ «አንሱልኝ» ይላል፣ ይነሳል። ጥቂት ቆይቶ «መልሱልኝ» ይላል። እቴቴ ሲያነሱና ሲመልሱ «ይሄ ሰውዬ ሆቴል የገባ መስሎታል» እያሉ ያጉረመርማሉ፤ ግን ሮጠው ነው የሚያመጡት።

ሰኔ እንደገባ፣ ደመናው ገና ሳይከብድ፣ አባዬ፣ እቴቴና እኔ አዲስ አበባ ሄድን። ያው ሐኪም የአባዬን ክንድ ጨመቀ፣ ሚዛን ላይ አወጣው፣ ወረቀቱን አየ፣ እንደገና አወጣው።

«ምን አበላችሁት?»

«ራሴ ነኝ የበላሁት» አለ አባዬ።

አልጋ ተሰጠው። የሚቀደድበት ቀን ጠዋት እኔና እቴቴ ስንገባ ከነርሷ ጋር ይጨቃጨቃል።

«ራበኝ እያልኩሽ እኮ ነው!»

«አባቴ፣ ዛሬ መብላት ክልክል ነው። ከቀዶ ጥገና በፊት ምንም አይቀመስም።»

«አሁን ይሄ ፍርድ ነው? አልራበኝም ስል ሆዴን እንደ ጆንያ ስትሞሉት ከርማችሁ፣ ዛሬ ራበኝ ስል አትብላ? ምን ዓይነት መንግሥት ነው ያለን?»

«ኧረ ቀስ ይበሉ፣ ሰው ይሰማዎታል!»

«ይስማ! ራበኝ!»

ባለ ጎማው አልጋ መጥቶ ሲገፉት እንኳን አላቆመም። ኮሪደሩን አልፎ በሩ እስኪዘጋ ድረስ ድምፁ ይሰማ ነበር። እቴቴ መሐል ኮሪደር ላይ ቆመው ቀሩ። ከዚያ አግዳሚው ላይ ወደተቀመጡት የማያውቋቸው ሰዎች ዞረው፣ እንባቸው እየወረደ፣ «ሰማችሁ? ወንድሜ እኮ ራበኝ አለ!» አሉ።

አንዲት ሴት ከዘንቢሏ ዳቦ አወጣች።

«ታዲያ ይሄን ይስጡታ፣ እናቴ። ምን ያስለቅስዎታል?»