የልጅ ልጄ አልወረወረም

የልጅ ልጄን ያለ ጥፋቱ «ወረወርክ» ብለው ኳስ እንዳይነካ ከለከሉት። ይህ በደል ተጽፎ እንዲቀመጥ እፈልጋለሁ። የምጽፈው ራሴ ነኝ። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አያልፍም፤ ያየሁትን ለመናገር ግን ይበቃኛል።

ነገሩ ክሪኬት ነው። አንዱ ከሩቅ እየሮጠ መጥቶ፣ ክንዱን በራሱ ላይ አሽከርክሮ ኳስ ይለቃል። ሌላው በጠፍጣፋ ዱላ ይመታታል። ከሳታት ከኋላው የተተከሉትን ሦስት እንጨቶች ትገነድሳቸዋለች። የኔው ልጅ የሚሮጠው ነው። እሱ የለቀቃት ኳስ አትታይም፤ እንጨቱ ሲበር ብቻ ነው የምታዩት።

የተማረው እዚህ ፈረንጅ አገር፣ ኦሪጅናል ኦሮራ በሚባለው ሰፈራችን፣ አፓርታማችን ፓርኪንግ ላይ፣ ከኔፓል ልጆች ጋር ነው። ጥቁር ናስትሮ የተጠቀለለበት የቴኒስ ኳስ ነበራቸው፤ እንጨት ስላልነበራቸው የሱፐርማርኬት ጋሪ ያቆሙ ነበር። እኔ የመኪና መስታወት ትሰብራላችሁ ብዬ በመስኮት እጮህባቸዋለሁ። ኋላ ጋሪው በተመታ ቁጥር ማጨብጨብ ጀመርኩ።

አሁን ጎረምሳ ሆኗል፤ ኤርፖርት ሻንጣ ይጭናል። ደመወዝ የሚከፍል ቡድን አይቶት ኖሮ፣ ቅዳሜ ደህና ከተጫወተ እናስፈርመዋለን አሉት። ደስታዬን አትጠይቁኝ! ቅዳሜ ዕለት በአስራ አምስት ቁጥር አውቶቡስ የኮልፋክስን ጎዳና ይዤ ወደ ሜዳው ስሄድ ለሾፌሩ ነገርኩት። አጠገቤ ለተቀመጠችው ሴትዮም ነገርኳት። ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ስለነበር ደግሜ ነገርኳት።

ሜዳው ዳር ተጣጣፊ ወንበሬን ዘርግቼ ተቀመጥኩ። እሱ መሮጥ ሲጀምር ግን መቀመጥ አላስቻለኝም። ብድግ ብዬ «ወርውር!» አልኩ። ፈረንጆቹም እንዲገባቸው «ትሮው! ትሮው!» ብዬ ደገምኩላቸው። በእኛ ቋንቋ ኳስ ይወረወራል፤ ሌላ ምን ይደረጋል?

ተጋጣሚዎቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ካፒቴናቸው ወደ ዳኛው ዞሮ «አያቱም መሰከሩ!» አለ።

የልጅ ልጄ ፊቱ በርበሬ መስሎ ወደ እኔ ሮጠ። «እማማ፣ ፕሊስ! ትሮው አይበሉ!»

«ታዲያ ምን ልበል? ግፋ ልበል?»

«ቦውል ነው! ትሮው ኢሊጋል ነው!»

ለካ በዚህ ጨዋታ ኳስ በደንቡ መልቀቅ «ቦውል» ነው፤ ክንድን አጥፎ፣ ኳሷን ሲለቁ ከክርን መዘርጋት ነው «ትሮው» የሚባለው። ዳኛው የልጁ ክንድ እንደታጠፈ ቀድሞም አይቶ ኖሯል፤ የኔ ጩኸት ተጨመረለት። በሚቀጥለው ኳስ እጁን ዘርግቶ «ኖ ቦል» አለ፤ ኳሷ አትቆጠርም ማለቱ ነው። ደግሞ አለ። ከዚያ ኳሷን ነጥቆ ለሌላ ልጅ ሰጣት። ሊያስፈርመው የመጣው የቡድኑ ሰውዬም ክንዱ ንጹሕ ነው ካልተባለ ፊርማ የለም አለ።

ጨዋታው ሲያልቅ ነጠላዬን አጣፍቼ ወደ ዳኛው ሄድኩ። ነጭ ጢም ያለው ህንዳዊ፣ በዕድሜ እኩያዬ ነው። ገና አፌን ሳልከፍት «አንቲ...» አለኝ።

ደሜ ፈላ። «አንቺ? እኔን ነው አንቺ የሚሉት? የት ያውቁኛል?»

«አንቺ አላሉም!» አለ የልጅ ልጄ በመካከላችን ገብቶ። «አንቲ ነው ያሉት፣ አክስቴ ማለት ነው። ሪስፔክት ነው እማማ!»

«ሰው ሲያከብሩ አንቺ ይላሉ?»

«አን-ቲ! በቲ!»

ዳኛው አንዴ እሱን አንዴ እኔን ያያል። «እሺ፣ አክስት ልሁን» አልኩት የልጅ ልጄን፤ «ይኸውልህ፣ እንዲህ ብለህ ንገርልኝ፦ አድሉለት አላልኩም። ሳያዩ አይፍረዱ ነው ያልኩት።»

የሹራቤን እጅጌ ጠቅልዬ ቀኝ እጄን ለዳኛው ሰጠሁት። የኔ ክርን ከተወለድኩ ጀምሮ ተዘርግቶ አያውቅም። የልጄም እንደዚያው ነው፣ የልጅ ልጄም። ዳኛው እንደ ብርሌ ቀስ አድርጎ ያዘኝ።

«ይሳቡ እንጂ! እንቁላል ነው የያዙት?»

ሳበ። ንቅንቅ የለም። ያ ሲስቅብኝ የነበረው ካፒቴን መጥቶ ሳበ፤ ምንም። እኔማ አንዴ ሞቅ ብሎኛል፤ ኳሷን ከካፒቴኑ እጅ ወሰድኩና ሦስት እርምጃ ሮጬ ክንዴን አሽከርክሬ ለቀቅኳት። እንጨቶቹን ስታ ሜዳው ዳር የነበረውን የውሃ ማቀዝቀዣ ክዳን ገለበጠችው። ሜዳው ጮኸ! «እሳቸውን አስፈርሙ!» ይላል አንዱ። የልጅ ልጄ በሳቅ ሣር ላይ ተንከባለለ።

ዳኛውም እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ሳቁን ሲጨርስ ግን «የእርስዎን አየሁ፤ የእሱን ደግሞ በካሜራ ልይ» አለ። ወደድኩት። እኔስ የለመንኩት እንዲያይ አይደል?

በማግስቱ እሁድ፣ ከቅዳሴ በቀጥታ ወደ ሜዳው ሄድኩ። የልጅ ልጄ ትንፍሽ እንዳልል አስምሎኝ ስለነበር የነጠላዬን ጫፍ ነክሼ ተቀመጥኩ። አንድ ካሜራ ከጎኑ፣ አንድ ከኋላው ተተከለ። እየሮጠ ለቀቀ። እንጨቱ ወዲያ ተሽቀነጠረ። እኔ በነጠላዬ ውስጥ እልል አልኩ፤ ያ መናገር አይባልም። ደጋግሞ ለቀቀ፤ ፀሐይ ላይ ላቡ ያብረቀርቃል።

ከዚያ ዳኛውና የቡድኑ ሰውዬ ስክሪኑ ላይ ተደፉ። ምስሉን ቀስ አድርገው ያስኬዱታል፣ ይመልሱታል፣ እንደገና ያስኬዱታል። የልጅ ልጄ አጠገቤ ቆሞ ጥፍሩን ይበላል። በመጨረሻ መሐላዬን ተውኩት።

«እህ?» አልኩ።

ዳኛው ባርኔጣውን አውልቆ መጣ። የልጅ ልጄ ተረጎመልኝ፦

«ክንዱ ታጥፎ ይመጣል፣ ታጥፎ ይሄዳል። ሕጉ የሚከለክለው መዘርጋቱን ነው፤ ይህ ልጅ ደግሞ ልዘርጋ ቢልም አይችልም። ትናንት የፈረድኩት ስህተት ነበር። ንጹሕ ነው፤ ያስፈርሙት።»