ሁለት ስም ያላቸው ታካሚዎች

ሥራ የጀመርኩ ዕለት የተሰጠኝ ቦታ የካርድ ክፍሉ ጥግ ነበር። ደብረ ታቦር ያለው ያ የግል ክሊኒክ ለኮምፒውተር ባለሙያ የተለየ ቢሮ አልነበረውም። ከዩኒቨርሲቲ ገና መውጣቴ ነው፤ ሰው ትኩር ብሎ ሲያየኝ ድምፄ ይጠፋል። የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ እትዬ የሺ ወንበራቸውን ለቀውልኝ፣ «ተቀመጪ፣ አትፍሪ። እዚህ የሚናገረው ሕመምተኛው ነው፣ አንቺ ስሚ» አሉኝ።

ብዙ ሰማሁ። ኮምፒውተሩ ላይ ስም ተጽፎ የታካሚው ታሪክ እስኪመጣ ድረስ ሰልፉ በረንዳውን አልፎ ግቢ ይደርሳል። ከገሳይ ለቀጠሮ የመጡ መሪጌታ በመስኮቱ ጎንበስ ብለው፣ «ልጄ፣ ይኸ ማሽን ዳዊት ይደግማል እንዴ? እኔ ውዳሴ ማርያሜን ጨረስኩ» አሉ። ሰልፈኛው ሳቀ። ልጅ ያዘለች አንዲት ሴት ግን አልሳቀችም፤ ልጇን ያተኩሰው ነበር።

ሥራ አስኪያጁ አቶ ዘውዱ አስጠሩኝ። «ዋናው ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ አርጅቷል ይሉኛል። አዲስ ልግዛ ወይስ ታስተካክይዋለሽ?»

«ልየው» አልኩ።

ሰርቨሩ ጤነኛ ነበር። የታካሚዎቹ መዝገብ ያለበት ዳታቤዝ መልስ ለማግኘት በየት በኩል እንደሚሄድ አየሁ። ታካሚዎች በአንድ ሰንጠረዥ፣ ምርመራዎች በሌላ ሰንጠረዥ ተቀምጠዋል። ሁለቱ በካርድ ቁጥር መያያዝ ሲገባቸው የተያያዙት በስም ነው፤ ያውም የዓለም ስም ከገጠመ፣ ወይም የክርስትና ስም ከገጠመ ተብሎ። በዚያ «ወይም» ምክንያት ዳታቤዙ እንደ መጽሐፍ ማውጫ የሚያገለግለውን ኢንዴክስ ትቶ ረድፉን ሁሉ አንድ በአንድ ያያል። ሌላ ኢንዴክስ ጨመርኩ። ምንም ለውጥ አላመጣም።

«የክርስትና ስም ለምን ገባ?» ብዬ እትዬ የሺን ጠየቅኩ።

«ካንቺ በፊት ለነበረው ልጅ ነግሬ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ቄሱም መነኩሲቱም ራሳቸው ሲመጡ የሚናገሩት የክርስትና ስማቸውን ነው። ልጆቻቸው ሲያመጧቸው ደግሞ በዓለም ስማቸው ያስመዘግቧቸዋል። አንዱ ሰው ሁለት እየሆነ አስቸገረኝ።»

በዳታቤዙ ቅጂ ላይ የክርስትና ስሙን አውጥቼ ሞከርኩ። መልሱ ወዲያው መጣ። አቶ ዘውዱ ከኋላዬ ቆመው ኖሯል።

«በቃ፣ ተገኘ! አሁኑኑ ዋናው ላይ አድርጊው። ሰልፉ አይታይሽም?»

ቁልፉን አልነካሁም። መሪጌታ በዚያ ቀን ጉሮሯቸውን አሟቸው ተመልሰው መጥተው ተራ ይጠብቁ ነበር። ስማቸውን ቅጂው ላይ ፈለግሁ። ከታሪካቸው ግማሹ የለም። «ፔኒሲሊን አይስማማቸውም» የሚለው ማስጠንቀቂያ አብሮ ጠፍቷል፤ የተመዘገበው በክርስትና ስማቸው በመጡበት ጊዜ ነበር።

«አይሆንም» አልኩ። ለራሴም በደንብ አልተሰማኝም።

«ምን አልሽ?»

«አይሆንም፣ አቶ ዘውዱ። ይፈጥናል፣ ግን ሰው ይጥላል።» ስክሪኑን ወደሳቸው አዞርኩት።

የሙከራ ጊዜዬ አላለቀም ነበር። አለቃ ሠራተኛ ፊት እንዲህ ሲባል ምን እንደሚያደርግም አላውቅም። አቶ ዘውዱ አነበቡ፣ ደግመው አነበቡ፣ ከዚያ ወንበር ስበው ተቀመጡ። «እንግዲያው ምን ያስፈልግሻል?» አሉ። ለዚህች ጥያቄ እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ።

«ጊዜ፣ እና እትዬ የሺ።»

«እኔን ያለ ምሳ አታገኚኝም» አሉ እትዬ የሺ። ምሳውን አቶ ዘውዱ ቻሉ። ያልተነካው ዋናው ሲስተምም፣ እየተጎተተም ቢሆን፣ ማስጠንቀቂያውን አወጣ፤ ሐኪሙ ለመሪጌታ ሌላ መድኃኒት አዘዙላቸው።

ለስሞች የራሳቸውን ሰንጠረዥ ሠራሁ። ሰው የፈለገውን ያህል ስም ይኑረው፣ እያንዳንዱ ስም አንድ ረድፍ ይይዛል፣ አጠገቡ የካርድ ቁጥሩ ይቀመጣል። ምርመራዎቹን በካርድ ቁጥር አያያዝኩ፤ ኢንዴክሱንም በቁጥሩና በስሙ ላይ አደረግሁ። በሁለት ስም ሁለት ካርድ የወጣለትን ሰው ወደ አንድ ቁጥር አጣመርነው። ሞክሼዎቹን መለየት የእትዬ የሺ ፋንታ ነበር። «ይኼኛው ከአንበሳሜ የሚመጣው ነው፣ እግሩን ያነክሳል። ያኛው ዲያቆኑ ነው፣ ተዪው፣ አትቀላቅይው።» የተጠራጠርነውን ሳናጣምር አቆይተን ባለቤቱ ሲመጣ ጠየቅነው። እስከዚያ ሰልፉ እንዳለ ነበር፤ አቶ ዘውዱ በረንዳ ላይ ቆመው ሰውን ይቅርታ ይለምኑ ነበር። አንድም ቀን ቶሎ በይ አላሉኝም።

ወደ አዲሱ በቀየርንበት ጧት እትዬ የሺ የመጀመሪያውን ስም ጽፈው ጣታቸውን ሳያነሱ ታሪኩ ወጣ። ባዶውን በረንዳ አይተው፣ «እንግዲህ ማን ከማን ጋር ሊያወጋ ነው?» አሉ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ የሚንቀረፈፉ ሰንጠረዦች ገጥመውኛል። ለአዲስ ባልደረቦቼ የምነግራቸው ይህንኑ ነው፦ ሰንጠረዦችን በማይለወጥ ቁጥር አያይዙ። የሚያዘገየውን የትእዛዝ መስመር ስታገኙ ደግሞ ከማጥፋታችሁ በፊት ማን፣ ስለ ምን እንዳስገባው ጠይቁ።